ፈጥኖ የሚደርስ እራት

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል የአገራችን ተረት። ተረቱ ሥራን አዘግዩ ማለቱ አይደለም፤ መቸኮልና መፍጠን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስገንዘቡ ነው። የሚቸኩል ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፤ የጀመረውን ያበላሻል፤ ያበላሸውን ለማቃናት ደግሞ ሌላ ጊዜ ያጠፋል። የሚፈጥን ሰው ግን የትኛው ሥራ መቅደም፣ የትኛው መከተል፣ የትኛውስ ከሌላው ጋር ጎን ለጎን መሠራት እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በሥራ ቀን ምሽት ማድ ቤት ውስጥ ነው።

በከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባትና እናት ከሥራ የሚመለሱት ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተዋል። ከእነርሱም ውስጥ በማግሥቱ ፈተና ያለበት አለ፤ የቤት ሥራውን ገና ያልጀመረም አለ። ትንሹ ልጅ ራበኝ እያለ ይነጫነጫል። እናት ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። ሽንኩርት ከትፋ፣ አቁላልታ፣ ወጡን ሠርታ እስክትጨርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ያን ጊዜ ትንሹን ልጅ ጦሙን እንቅልፍ ወስዶታል፤ እናቷን ስትረዳ ያመሸችው ታላቅ እኅት ደብተሯን ሳትከፍት ድካም አሸንፏታል፤ ከሁሉም በኋላ ቀርባ የምትበላው ደግሞ እናት ናት። እንግዲህ የእራት መዘግየት የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የጥናት፣ የእንቅልፍና የጤና ጉዳይም ነው።

እንዲህ ባለው ምሽት ብዙ ቤተሰቦች የሚያዘጋጁት ምግብ ፓስታ ወይም መኮሮኒ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ፓስታ በቤት ውስጥ እንዴት በፍጥነት እንደሚሠራ፣ እያንዳንዱም ተግባር ለምን እንደሚፈጸም ማስረዳት ነው። ይህ ሲባል እንጀራ በፓስታ ይተካ ማለት አይደለም። የጤፍ ሊጥ ለመቡካት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ጥሩ ወጥም ጊዜ ይጠይቃል፤ ጣዕማቸው የሚገኘው ከዚሁ ከትዕግሥቱ ነው። ፓስታ የሚያገለግለው እንጀራ ባለቀበት፣ ወጥ ባልተሠራበትና ጊዜ ባጠረበት ምሽት ነው።

ፓስታ ከየት መጣ?

«ፓስታ» የጣልያንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሊጥ ማለት ነው። በጣልያንኛ ከዱቄትና ከውሃ፣ ወይም ከዱቄትና ከእንቁላል ተቦክቶ ልዩ ልዩ ቅርጽ የሚሰጠው ምግብ ሁሉ ፓስታ ይባላል። በእኛ አገር ልማድ ግን ረጅሙና ቀጭኑ «ፓስታ»፣ አጭሩና ቀዳዳ ያለው «መኮሮኒ» ተብሎ ተለይቷል።

የቬኒሱ ነጋዴ ማርኮ ፖሎ በ1295 እ.ኤ.አ. ከቻይና ሲመለስ ፓስታን ወደ ጣልያን አመጣ የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ወሬው ትክክል አይደለም። አል-ኢድሪሲ የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ ለሲሲሊው ንጉሥ ለዳግማዊ ሩጀሮ ባዘጋጀውና በ1154 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው መጽሐፉ፣ በፓሌርሞ አቅራቢያ በምትገኘው በትራቢያ «ኢትሪያ» የተባለ ደረቅ የሊጥ ምግብ በብዛት ተሠርቶ በመርከብ ወደ ሌሎች አገሮች ይላክ እንደነበር ጽፏል። ይህ ማርኮ ፖሎ ከመመለሱ 141 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ዛሬ ከፓስታ የማይለየው ቲማቲም ግን ወደ አውሮፓ የገባው ከአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ ዘመኑም ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከተጓዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ፓስታ በቀይ ስጎ የተበላው ከፓስታ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር በቅርብ ጊዜ ነው።

ወደ አገራችን ፓስታ የገባው ከጣልያኖች ጋር ነው። በተለይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን በከተሞች ይበልጥ ታወቀ። ወራሪው ተሸንፎ ሲወጣ ምግቡና አንዳንድ ቃላት ቀሩ። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ስጎ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው።

ምግቡ ከውጭ ቢመጣም ዋና ጥሬ ዕቃው ግን ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ደረቅ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከተባለው የስንዴ ዓይነት ነው። የዱረም ስንዴ ፍሬ ጠንካራ ነው፤ ሲፈጭ ልሙጥ ዱቄት ከመሆን ይልቅ ሰሞሊና የሚባል ሸካራና ቢጫ ቀለም ያለው ዱቄት ይወጣዋል። ይህ ስንዴ በደጋማው የአገራችን ክፍል ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ ኖሯል፤ ሕዝቡም ለዳቦ፣ ለቆሎ፣ ለንፍሮና ለቂንጬ ሲጠቀምበት ቆይቷል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴና የሌሎች ሰብሎችን ዘር ሰብስቧል፤ አገሪቱንም የሰብል ዓይነቶች በብዛት ከሚገኙባቸው የዓለም ማዕከሎች እንደ አንዷ ቆጥሯታል። በደብረ ዘይት የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከልም በዱረም ስንዴ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲመራመር ቆይቷል።

ፓስታ ፈጥኖ የሚበስለው ለምንድን ነው?

ፓስታ በደቂቃዎች ውስጥ የሚበስለው ጊዜ የሚወስደው ሥራ አስቀድሞ ስለተሠራለት ነው። ስንዴው ተፈጭቷል፤ ዱቄቱ ተቦክቷል፤ ሊጡ ቅርጽ ወጥቶለታል፤ በመጨረሻም ደርቋል። በጣልያን ሕግ በደረቅ ፓስታ ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ከመቶ 12.5 እጅ መብለጥ የለበትም። እርጥበቱ ይህን ያህል ዝቅ ሲል ሻጋታና ሌሎች ተሕዋስያን ሊራቡበት ስለማይችሉ፣ ፓስታው በደረቅ ቦታ ለብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ለምሽቱ ሰው የቀረው ሥራ የወጣውን ውሃ መመለስና ማሞቅ ብቻ ነው።

ፓስታው ከፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁለት ነገሮች ይከናወናሉ። አንደኛ፣ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ይለሰልሳልም። ሁለተኛ፣ ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን በሙቀት ይጠነክርና ያበጠውን ስታርች እንደ መረብ ይዞ እንዳይበተን ይከለክለዋል። ጥሩ ፓስታ ማለት ስታርቹ በስሎ፣ መረቡ ሳይበጠስ የወጣ ነው። ጣልያኖች ይህን ደረጃ «አል ዴንቴ» ይሉታል፤ ለጥርስ የሚሰማ ማለት ነው። ከዚያ በላይ እሳት ላይ ከቆየ መረቡ ይላላል፤ ስታርቹ ወደ ውሃው ይፈሳል፤ ፓስታውም እርስ በርሱ ተጣብቆ ገንፎ ይመስላል።

እዚህ ላይ በደጋ ለሚኖር ሰው ልዩ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በፓስታ ከረጢቶች ላይ «ለ8 ደቂቃ» ወይም «ለ9 ደቂቃ» ይቀቀል የሚል መመሪያ ይገኛል። ከውጭ በሚመጡ ከረጢቶች ላይ ያለው መመሪያ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍና ለቆላ አገር ነው። በባሕር ወለል ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በድሬዳዋ 96 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ያው ፓስታ በአዲስ አበባ ከድሬዳዋ ይልቅ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ ይበስላል። ከሰዓት ይልቅ የሚታመነው ጥርስ ነው። አንዱን ዘለላ አውጥቶ መንከስ፣ መካከሉ ላይ ነጭ ነጥብ ከቀረ ጥቂት መጠበቅ፣ ነጥቡ ሲጠፋ ወዲያው ማውረድ ይገባል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ስሕተት አለ። ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱን ማብዛት ፓስታውን አያፈጥነውም። የፈላ ውሃ ሙቀት ከመፍያው ነጥብ አያልፍም፤ ትርፉ እሳት ውሃውን ወደ እንፋሎት ከመለወጥ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ውሃው እስኪፈላ ድረስ ድስቱን መክደንና እሳቱን ማጠንከር፣ ከፈላ በኋላ ግን መፍላቱ እንዳይቋረጥ ብቻ እሳቱን መመጠን ጋዝም ሆነ ከሰል ይቆጥባል።

የመጀመሪያው እራት፦ ፓስታ በቲማቲም ስጎ

ለአምስት ሰው የሚበቃ ፓስታ ለማዘጋጀት የሚከተሉት ያስፈልጋሉ፦ 500 ግራም ፓስታ፣ 4 ሊትር ውሃ፣ 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 8 የበሰሉ ቲማቲሞች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 ቃሪያ፣ ጥቂት በሶብላና ጨው።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው ተከድኖ እሳት ላይ ይጣዳል። አራት ሊትር ውሃ እስኪፈላ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ይህን ጊዜ ማንም ሊያሳጥረው አይችልም። ሊደረግ የሚቻለው ጊዜው ባዶውን እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ስለሆነም ውሃው እየሞቀ ሳለ ሽንኩርቱ ይከተፋል፤ ቲማቲሙም ታጥቦ ይደቅቃል። በሌላ ምድጃ ላይ ዘይትና ሽንኩርት በመጠነኛ እሳት ለ5 ደቂቃ ያህል ይቁላላል። ከዚያም ነጭ ሽንኩርቱ ይጨመርና መዓዛው እስኪወጣ ብቻ ይማሰላል፤ ከቆየ ያርራል፤ ካረረ ይመራል። ቀጥሎ ቲማቲሙና ድልሁ ተጨምረው፣ ስጎው እስኪወፍርና ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ለ15 ደቂቃ ያህል ይንተከተካል።

ውሃው በሚገባ ሲፈላ 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል ጨው ይጨመርበታል። ፓስታው ከገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች ደጋግሞ ማማሰል ያስፈልጋል፤ ፓስታ የሚጣበቀው በእነዚህ ደቂቃዎች ነውና። ብዙ ሰዎች እንዳይጣበቅ ብለው ዘይት በውሃው ላይ ያፈሳሉ። ዘይት ግን ከውሃ በላይ ስለሚንሳፈፍ ከታች ያለውን ፓስታ አይደርስበትም። መጣበቅን የሚከለክለው ማማሰል ነው።

ፓስታው ከመጥለሉ በፊት ከፈላበት ውሃ አንድ ኩባያ ይቀዳና ይቀመጣል። ይህ ድፍርስ ውሃ ከፓስታው የወጣ ስታርች ስላለበት ስጎውን ከፓስታው ጋር ያያይዛል። ከዚያ በኋላ ፓስታው በማጥለያ ተጠልሎ ከነትኩሳቱ ወደ ስጎው ይገለበጣል፤ ግማሽ ኩባያ ያህል ከተቀመጠው ውሃ ይጨመርበታል፤ ለ1 ደቂቃ እሳት ላይ ይገላበጣል። በመጨረሻ ቃሪያውና በሶብላው ተከትፈው ይነሰነሱበታል። ትኩስ የሚበላን ፓስታ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ አያስፈልግም። ማጠብ ስጎውን የሚይዘውን ስታርች አጥቦ ይወስደዋል፤ ምግቡንም ያቀዘቅዘዋል።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ሲሠራ እራቱ በ35 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። አንድ ሰው መጀመሪያ ከትፎ፣ ቀጥሎ ስጎውን ሠርቶ፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢጥድ ግን ያው እራት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ምግቡ አልተለወጠም፤ እሳቱም አልተለወጠም። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ይህ ምግብ በዘይት ስለሚሠራ ለጦም ይሆናል። ደረቁ ፓስታም በአብዛኛው ከዱቄትና ከውሃ ብቻ የተሠራ ነው። ሆኖም አንዳንዱ እንቁላል ስላለበት የሚጦም ሰው በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው እራት፦ መኮሮኒ በምስር

አንድ ምድጃ ብቻ ባለበት ቤት ውሃና ስጎ ጎን ለጎን ሊጣዱ አይችሉም። ለእንዲህ ያለው ቤት በአንድ ድስት የሚሠራ እራት ይመረጣል። በናፖሊና በአካባቢዋ ፓስታን ከምስር ጋር በአንድ ድስት መቀቀል የቆየ የድሆች ማድ ልማድ ነው። ምስር ለእኛም ቤተኛ ስለሆነ ምግቡ ከእኛ ማድ ጋር በቀላሉ ይስማማል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አንድ ሽንኩርትና ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተከትፈው በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይቁላላሉ። የሚወድ ሰው 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ ሊጨምር ይችላል። ከዚያም 250 ግራም የታጠበ ምስር ክክና 2 ሊትር ተኩል ውሃ ይገባበታል። ምስሩ ለ15 ደቂቃ ያህል ከተቀቀለ በኋላ 300 ግራም መኮሮኒና ጨው ይጨመራል፤ ምስሩ ከሥር እንዳይዝ እየተማሰለ መኮሮኒው እስኪበስል ድረስ ይቀቀላል። ውሃው ካነሰ ጥቂት ሙቅ ውሃ ይጨመራል። እዚህ የሚጠለል ነገር የለም፤ ከመኮሮኒው የወጣው ስታርች በሙሉ መረቁን ያወፍረዋል።

ይህ እራት የሚመረጠው ለምድጃ እጥረት ብቻ አይደለም። ፓስታ በአመዛኙ ኃይልና ሙቀት ሰጪ ምግብ ነው። ፕሮቲን ቢኖረውም ሰውነት የሚፈልገው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በስንዴ ውስጥ አነስተኛ ነው። ምስር በዚህ ክፍል የበለጸገ ነው፤ ምስር የሚጎድለውን ደግሞ ስንዴ ይሞላለታል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲበሉ አካል የመገንባት ዋጋቸው ለየብቻ ከሚበሉበት ጊዜ የተሻለ ይሆናል። ከጎን ጥቅል ጎመን፣ ካሮት ወይም ሰላጣ ቢቀርብ በሽታ ተከላካዩም ተሟላ ማለት ነው።

ሦስተኛው እራት፦ በእጅ የተሠራ ፓስታ

ከረጢት ያልገዛ ሰው ፓስታ መሥራት አይችልም ማለት አይደለም። በቦሎኛና በዙሪያዋ ባለው የጣልያን አውራጃ ፓስታን በእጅ የመሥራት ልማድ እስከ ዛሬ አለ። ስፍሩ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ይበቃል። በእኛ አገር ፉርኖ ዱቄት መጠቀም ይቻላል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል ሊጡ ከደረቀ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ውሃ ይታከልበታል።

ለአምስት ሰው 500 ግራም ዱቄት በንጹሕ ሰሌዳ ላይ ይከመራል፤ መካከሉ ይጎደጎድና 5 እንቁላል ይሰበርበታል። ከዚያም ሊጡ ለ10 ደቂቃ ያህል በመዳፍ እየተገፋ ይታሻል። ሲታሽ ግሉተኑ ስለሚያያዝ ሻካራ የነበረው ሊጥ ይለሰልሳል። ከታሸ በኋላ ተሸፍኖ ለ30 ደቂቃ መተው አለበት። ገና የታሸ ሊጥ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ መልሶ ይሰበሰባል፤ ካረፈ በኋላ ግን ለመዳመጥ ይታዘዛል። ሊጡ በመዳመጫ በጣም እስኪሳሳ ድረስ ይዳመጣል፤ ዱቄት ይነሰነስበትና እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ በቢላዋም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት እየተሰጠው ይቆረጣል። የተቆረጠው ተፈትቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘረጋል።

ይህ ሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ስለሚወስድ ለሥራ ቀን ምሽት አይመችም የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ሥራውን ከፍሎ መሥራት ነው። ሊጡ በዋዜማው ታሽቶና ተሸፍኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር፣ በማግሥቱ የሚቀረው መዳመጥና መቁረጥ ብቻ ነው። እርጥብ ፓስታ ሲቀቀልም ከደረቁ እጅግ ይፈጥናል፤ 3 ወይም 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ግን እንቁላል የገባበት ሊጥ ሳያድር በዕለቱ መበላት አለበት።

ስለ ተረፈ ፓስታ

ከእራት የተረፈ ፓስታ በድስት እንዳለ ምድጃ አጠገብ ማሳደር የተለመደ ቢሆንም አደጋ አለው። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘር በመፍላት ላይሞት ይችላል። የበሰለው ምግብ ለብ ብሎ ለብዙ ሰዓት ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባል፤ መርዝም ያመነጫል። ይህ መርዝ ምግቡን እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ የተረፈው ፓስታ ብዙ ሳይቆይ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት አለበት። ማቀዝቀዣ ከሌለ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚበላውን ያህል ብቻ መቀቀል። ለአንድ ሰው 100 ግራም ደረቅ ፓስታ እንደሚበቃ ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ሥራውን ማን ይሥራው?

ከላይ የተገለጹት ሦስት እራቶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ሥራቸው ለመከፋፈል ይመቻል። አንዱ ውሃ ይጥዳል፤ አንዱ ይከትፋል፤ አንዱ ያማስላል፤ ትንሹም ልጅ ሳህንና ሹካ ያቀርባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ነገር ግን በብዙ ቤት ሃምሳውን ሎሚ ብቻዋን የምትሸከመው እናት ናት፤ ከእርሷ ቀጥሎም ታላቅ ሴት ልጅ ናት። ወንድሟ ደብተሩን ዘርግቶ ሲያጠና እርሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሁለቱም በማግሥቱ ለአንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣሉ፤ የጥናት ጊዜያቸው ግን እኩል አልነበረም። ውሃ ለመጣድ ወንድ ወይም ሴት መሆን አያስፈልግም። ፓስታ የመቀቀል ዕውቀት አንድ ምሽት ይበቃዋል፤ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪም ለዚህ አያንስም።

ወደ መጀመሪያው ቤተሰብ እንመለስ። እናት ከሥራ ስትመለስ ወንዱ ልጅ ውሃውን ጥዶ፣ እኅቱ ሽንኩርቱን ከትፋ፣ አባት ስጎውን እያማሰለ ቢያገኟት ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም በአንድ ማድ ይቀርባል። ትንሹ ልጅ በልቶ ይተኛል፤ ትልልቆቹም እኩል ጊዜ አግኝተው ደብተራቸውን ይከፍታሉ። ፈጥኖ የደረሰው እራት ለእናቲቱ ያመጣላት ነገር ቢኖር ነጠላዋን አስቀምጣ መቀመጥ ነው።

መልመጃ

1. በጽሑፉ መሠረት «መቸኮል» እና «መፍጠን» በምን ይለያያሉ? ከራሳችሁ ኑሮ አንድ ምሳሌ ስጡ።
2. ያው ፓስታ በአዲስ አበባ ከድሬዳዋ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስልበትን ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።
3. «ከሁሉ አስቀድሞ»፣ «ከዚያም»፣ «ቀጥሎ»፣ «በመጨረሻ» የሚሉት ቃላትና ሐረጎች በጽሑፉ ውስጥ ምን አገልግሎት ይሰጣሉ? ቢወጡ በአንባቢው ላይ ምን ችግር ይፈጠራል?
4. «ይቁላላል»፣ «ይጠለላል»፣ «ይዳመጣል» የሚሉትን ተደራጊ ግሦች ወደ አድራጊ ግሥ ለውጣችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
5. በቤታችሁ የሚዘጋጅ አንድ ምግብ መርጣችሁ፣ አሠራሩንና የእያንዳንዱን ተግባር ምክንያት የሚገልጽ የሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ። ሥራው ለቤተሰቡ አባላት እንዴት ሊከፋፈል እንደሚችልም ጨምራችሁ አሳዩ።